ያልወደቀችው መርፌ

ሣጥኑ ተከፍቶ ተገኘ። ቻርጀሩ አለ፤ ባትሪዎቹ አሉ፤ ዋናው ዕቃ የለም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየች። ስፖንጁ ላይ የቀረው ጉድጓድ ክብ ነው፤ የካፖርት ቁልፍ ያክላል።

«ምን ይሠራል?»

«ያሰማል» አለ ሐኪሙ። «ታካሚዋ ዕጢ ሲወጣላት የሁለቱም ጆሮዎቿ ነርቮች አብረው ሄዱ። ዘጠኝ ዓመት ነጎድጓድ እንኳ አልሰማችም። ባለፈው ወር አንጎሏ ሥር ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አኖርንላት። የጠፋው ዕቃ ጭንቅላቷ ላይ በማግኔት ይለጠፍና ድምፅን በኤሌክትሪክ ለነጥቦቹ ያቀብላል። አንጎል በኤሌክትሪኩ ሲነካ ‹ሰማሁ› ይላል። ጆሮ ሥራ ፈት ነው።»

«ካልተገኘስ?»

«ዕቃው ሊከፈትላት የተያዘው የዛሬው ተራ ለሌላ ሰው ያልፋል። እሷ ከሰልፉ መጨረሻ ትቆማለች።»

ታካሚዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ታንጎራጉራለች። ዜማው መንገድ ጠፍቶበታል። መርማሪዋ ጥርሷን ነከሰች።

ጠዋት ክፍሉ የገቡት ሦስት ናቸው፦ ሐኪሙ፣ የፅዳት ሠራተኛዋና የታካሚዋ ባል። መርማሪዋ ለሦስቱም አንድ ጥያቄ አዘጋጀች። «ዕቃው ሲከፈት መጀመሪያ ምን ትሰማለች?»

«የቆርቆሮ ጩኸት፣ የንብ መንጋ» አለ ሐኪሙ። «የሰው ድምፅ መለየት ወራት ይፈልጋል።»

«የእኔን ንዝንዝ ነዋ» አለች የፅዳት ሠራተኛዋ። «‹እግርሽን አንሺ፣ ልጥረግበት› እያልኩ ምላሴ አለቀ።»

ኪሷ አብጧል። መርማሪዋ በጣቷ ጠቆመች። ሴትዮዋ ተነፈሰችና ሁለት ሙዝ አወጣች።

«ከታካሚ ትሪ ነው፣ ልጄ። በይ እሰሪኝ።»

«ይብሉት፣ እትዬ።»

ባልየው ልብስ ሰፊ ነው። የኮቱ ኮሌታ ላይ መርፌዎች ተደርድረዋል። ጥያቄው ሲቀርብለት አንገቱን ደፋ።

«የራሷን ድምፅ» አለ።

«የእርስዎን አይደለም፣ ጋሼ? መስማት የተሳነው ሁሉ የሌላ ሰው ድምፅ ነው የሚናፍቀው።»

ልብስ ሰፊው ከኮሌታው አንድ መርፌ ነቅሎ ያሽከረክር ጀመር። መርፌዋ ከጣቱ አመለጠችው። ሁለቱም ወለሉን አዩ። ወለሉ ላይ የለችም።

መርፌዋ ደረቱ ላይ ተጋድማለች። አልተሰካችም፤ ተለጥፋለች።

«ጋሼ፣ ከውስጥ ኪስዎ ማግኔት ምን ይሠራል?»

ልብስ ሰፊው እጁን ከተተና በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ አወጣ።

«ዘፋኝ ነበረች» አለ። «ጆሮዋ ከሄደ በኋላም በየጠዋቱ ትዘፍናለች። ‹ድምፄ እንዴት ነው?› ስትለኝ ‹እንደ ድሮው› እላታለሁ። ጎረቤት መስኮት ይዘጋል፤ እኔ ‹እንደ ድሮው› እላለሁ። ዛሬ ራሷን ከሰማች ውሸታም መሆኔን ታውቃለች። እስክናዘዝ ድረስ ነው የደበቅሁት። ግን አፌ እንቢ አለኝ።»

«ለእኔ እሺ ካለ ለእሷም እሺ ይላል።»

ሐኪሙ ዕቃውን ጭንቅላቷ ላይ ለጠፈላት። ኤሌክትሪኩን ቀስ እያለ ከፍ አደረገ። ታካሚዋ ድንገት ትከሻዋን ሰበቀች፤ ከዚያ ፊቷ በራ።

«ጠጠር» አለች። «ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ይዘንባል።»

ልብስ ሰፊው ፊቷ ቆመ። ከንፈሩን እንድታነብ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ድምፅሽ እንደ ድሮው አይደለም። ዋሽቼሻለሁ።»

«አንተ ሰው፣ ጆሮዬ ቢሄድ ዓይኔም የሄደ መሰለህ? የጎረቤቱን መስኮት አላይም?»

«ታዲያ ለምን ትዘፍኛለሽ?»

«ስዘፍን የስፌት መኪናህን ፔዳል በዜማዬ ልክ ትረግጣለህ። ወለሉ ሲርገበገብ በባዶ እግሬ ይሰማኛል። እሱን ላስቀር?»

ልብስ ሰፊው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እሷ አንድ ስንኝ ሞከረች፤ ራሷን ሰማችና ፊቷን አጨማደደች።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንን ድምፅ ነው የቻልከው?»

«በድምፅዎ አይፍረዱ» አለ ሐኪሙ፣ ወደ እሷ ዞሮ። «ለጊዜው የዓለም ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚሰማዎት።»

«እንግዲያስ አንተ ዝፈን» አለችው ባሏን። «ማን እንደሚብስ እንለይ።»

ዘፈነ። ቆርቆሮውም ጠጠሩም ይንጫጫባታል፤ ጣቷ ግን ጉልበቷ ላይ ምቱን አልሳተም።

መርማሪዋ ወደ ሐኪሙ ጠጋ አለች። «ክስ ያቀርባሉ?»

«ትንሽ ዝም ይበሉ» አላት። «እየሰማች ነው።»