በንስሩ ክንፍ ሥር ያለው መርከብ

ሰው ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰዓት እንደተኛ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ወሬ ጆሮ ኖሮኝ አያውቅም፣ ቸርች እንኳ ራእይ አየን ሲሉ አንገቴን ደፍቼ የምቀመጥ ሰው ነኝ። በዚያ ሰሞን እኔም በቅጡ አልተኛሁም ነበር፣ ኦስሎ ውስጥ ጠዋት ሊንደሩድ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ ላምበርትሴተር፣ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞርኩ ስረዳ ድካሙና የኅዳሩ ጨለማ ተባብረው ጨርሰውኝ ነበር፣ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ደበቅክ እንዳትሉኝ ነው።

ላምበርትሴተር የምረዳቸው ሽማግሌ አቦይ ተስፋይ ይባላሉ። አስመራ ነው ተወልደው ያደጉት፣ ኦስሎ ደግሞ ባቡር ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። በልጅነታቸው በአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ይሠሩ ነበር፣ ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ አሮጌ የነሐስ ሳንቲም ለማስታወሻ ሰጣቸው፣ ከዚያ ወዲህ ከኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም። መርሳት ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ሳንቲሙን ግን አይረሱትም።

እኔ ደግሞ የጥንት ሳንቲም ነገር እወዳለሁ፣ ማንም አላስተማረኝም፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከስልኬ የለቃቀምኩት ነው። የአቦይ ሳንቲም የተለየ ዓይነት ነበር። ጥንት በጦርነት ጊዜ ከሮም የከዱ የደቡብ ኢጣሊያ ከተሞች፣ አዲስ ነሐስ ማቅለጥ ሲቸግራቸው የሮምን ሳንቲም አግለው የራሳቸውን ምስል በላዩ ይመቱበት ነበር፣ ምቱ ሲሳሳ ታዲያ አሮጌው ምስል ከሥር ሳይጠፋ ይቀራል። የሳቸው ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር አለ፣ መብራት ከጎን ሲያበሩበት ግን በክንፉ ሥር የሮም መርከብ ፊት በስሱ ይታያል።

ይህን ለልጃቸው ለሰላም ሳስረዳት ሳቀችብኝ።

«ለሰው እንደምን ዋልክ ማለት የሚከብድህ ልጅ፣ ለሳንቲም ሲሆን አፍህ ተፈታ! ይልቅ እሱን ተወውና ሐሙስን አስብልኝ።»

ሐሙስ አንዲት የኮሙኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሠራተኛ መጥታ አቦይ ቤታቸው ይቆዩ ወይስ ሲከየም ይግቡ የሚለውን ልታይ ነበር፣ የአረጋውያኑን መኖሪያ ማለቴ ነው። ሰላም ከዚያ የበለጠ የምትፈራው ነገር አልነበረም። «እዚያ ማን ያናግራቸዋል? ኖርዌጂያንኛቸው እየጠፋ ነው፣ ዝም እንዳሉ ያልቃሉ» ትለኝ ነበር።

እኔ እንዳላስተረጉም ደንቡ ይከለክላል፣ በስልክ አስተርጓሚ ይመደባል። አቦይ ከእኔ ጋር በአማርኛ ሲያወሩ ስላዩ የኮሙኑ ሰዎች የአማርኛ አስተርጓሚ አዘዙ፣ ሰላም ትግርኛ ይሻላል ብትል «ተዪው፣ አማርኛው ይበቃኛል» አሉ አቦይ።

ሴትዮዋ የመጣችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ መስኮቱ መጥቆር ጀምሯል። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገች፣ አቦይ ሳንቲሙን በጣታቸው ተጭነው ተቀምጠዋል። አጀማመሩ ያምር ነበር። ስማቸውን ተናገሩ፣ ልጃቸውን አሳዩ፣ ወሩ ማን ነው ሲባሉ፣

«ከጨለመ ኅዳር ነው፣ እዚህ አገር ሌላ ምን መለያ አለ?» አሉ። ስልኩ ውስጥ ያለችው አስተርጓሚ ሳትቀር ሳቀች፣ ሰላም በደስታ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ።

ያኔ ነው «ጧ» ያለው። ብረት በብረት ሲመታ የሚሰማ፣ አጭር ድምፅ። ሳንቲሙ የወደቀ መስሎኝ አየሁ፣ ጣታቸው ሥር ነው። ሴትዮዋ ቀና እንኳ አላለች። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቀቻቸው፣ አቦይም መለሱ፣ በረጅሙ፣ ረጋ ብለው፣ አንድ ቃል ግን አልገባኝም። ትግርኛ መስሎኝ ወደ ሰላም ዞርኩ፣ አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ጣሊያንኛ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አይ፣ አውቶቡስ ሲያመልጣቸው በጣሊያንኛ ነው የሚሳደቡት፣ አውቀዋለሁ። ይሄ አይደለም።»

ከስልኩ ውስጥ አስተርጓሚዋ፣ «ይቅርታ፣ አንድ በአንድ ይናገሩልኝ፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ መለየት አልቻልኩም» አለች።

«እሳቸው ብቻ ናቸው የሚናገሩት» አለች ሰላም።

«አይደለም እህቴ፣ ከሥር ሌላ ሰው አለ።»

እመኑኝ፣ ያቺ አስተርጓሚ ሳንቲሙን አላየችውም፣ ስለሱ የነገራትም ሰው የለም።

እንደገና «ጧ» አለ፣ አቦይ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደኔ ዞረው «ወደይ፣ ውሃ ስጠኝ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ጣታቸውን ሲያነሱ ሳንቲሙን ነካሁት፣ ይፋጃል። የእሳቸው ጣት ግን ቀዝቃዛ ነበር። መብራቱ ሥር ሳየው መርከቡ ከክንፉ ሥር አልነበረም፣ መስመሮቹ የንስሩን ክንፍ አቋርጠው ከላይ ተነሥተዋል። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ፎቶ አንስቼዋለሁ። ያሳየኋቸው ሰዎች የመብራቱ አቅጣጫ ነው ይላሉ፣ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን መብራቱን በሁሉም በኩል አዙሬ ሞክሬዋለሁ።

ሴትዮዋ ንግግራቸው እንደተምታታ ጻፈች፣ አቦይ ሲከየም ገቡ። በመጀመሪያው እሑድ ከሰላም ጋር ልጠይቃቸው ሄድኩ። በር ላይ ያገኘናት ነርስ፣ አቦይ ከአንዲት ኖርዌጂያዊት አሮጊት አጠገብ መቀመጥ እንደሚወዱ ነገረችን፣ አሮጊቷ እዚህ ከገቡ ጀምሮ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ እንደማያውቅም አከለች።

ከኮሪደሩ መጨረሻ ካለው ክፍል ሳቅ ይሰማል። አቦይ በዚያው በማናውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቁ፣ አሮጊቷም ጊዜ ሳይወስዱ በዚያው ቋንቋ መለሱ፣ አቦይ እንደገና ሳቁ፣ ሰላም ያመጣችላቸውን ሙዝ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ሁለቱም አዩን፣ ሁለቱም እኩል ዝም አሉ፣ የማያውቁት ሰው ሲገባ ጨዋታ እንደሚቋረጠው፣ ከዚያ በትሕትና ፈገግ ብለው እስክንሄድ ጠበቁ።

ሜትሮ ጣቢያው ስንደርስ ሰላም፣ «እኔ እኮ የፈራሁት የሚያናግራቸው እንዳያጡ ነበር» አለችኝ። ባቡሩ መጣ፣ አልተሳፈርንም፣ የሚቀጥለውንም አሳለፍነው።