አራተኛው ቤት

ተናኜ ይታገሱን ያገኘችው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከኋላ የተጫነው በርበሬ ተሳፋሪውን ሁሉ ያስነጥሰዋል። አጠገቧ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር ባስነጠሰች ቁጥር «ይማርሽ» ሲላት፣ ማንኩሳ ከተማ ሲደርሱ ሳቋ አመለጣት።

«አንተ ሰው፣ ምሕረቱን ለራስህም አስተርፍ እንጂ!»

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ቄስ ገብረ ኢየሱስ እንደ ወጉ እስከ ሰባት ቤት አስቆጠሩ፤ ዝምድና አልተገኘም። ቀለበት ታሰረ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ።

በኅዳር ይታገሱ ታመመ። የደም ካንሰር ነው ተባለ። የሚያድነው ከሰውነቱ ጋር የሚገጥም የሌላ ሰው መቅኔ ስለሆነ፣ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ለምርመራ ደሙን ሰጠ። ተናኜም ማን ይቀድመኛል ብላ ሰጠች።

ውጤቱን የነገሯት ይታገሱን የሚያክሙት ሴት ሐኪም ነበሩ። «የወንድሙ በግማሽ ይገጥማል። በእሱም ይሞከራል፤ ግን ሰውነቱ እንዳይቀበለው እፈራለሁ። ያንቺ ሙሉ በሙሉ ገጥሟል፤ እኔ የምመርጠው አንቺን ነው። ለመሆኑ ምኑ ነሽ?»

«እጮኛው።»

ሐኪሟ ውጤቱን እንደገና አዩት። «ባዳ ከባዳ እንዲህ መግጠሙ እምብዛም አይታይም» አሉ።

ተናኜ ተደስታ ሳትጨርስ፣ ዝምድና ይኖረን ይሆን የሚል ጥርጣሬ ገባት። በማግስቱ የትውልድ ሐረግ በቃላቸው ወደሚያውቁት ወደ አባቷ አጎት፣ ወደ አያ ካሴ ሄደች። ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን ሲጭሩ ቆዩ።

«የይታገሱን አያት ያሳደጓትን ሰው ወላጅ አባቷ አድርገው ቆጠሩ። ማደጎ መሆኗን የማውቅ እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ማን ጠየቀኝ? ወላጅ አባቷ የቅድመ አያትሽ ወንድም ነበሩ። አራት ቤት ናችሁ፣ የኔ ልጅ።»

የጎጃም ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ ካልጠየቁት አይናገርም። ተናኜ አንገቷን ደፋች።

«ስሚኝ፤ ወንድሙ ይስጠው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔም ነገሩን ይዤው እቀበራለሁ። አንቺ ከሰጠሽ ግን አገሬው ‹እንዴት ገጠመ?› ይላል። አባትሽም ቄስ ናቸው፣ ደግመው ይቆጥራሉ።»

ሦስት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ዝም ካለች ታገባዋለች፤ ግን ይሞትባት ይሆናል። ከሰጠች ይድናል፤ ግን የእሷ አይሆንም። በመጨረሻ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው።

«እምቢ!» አለ ይታገሱ። «ወንድሜ ይስጠኝ። ያለ አንቺ ኖሬ ምን ላደርግ?»

«ትኖርልኛለህ። እኔ ሳላገባህ መኖር እችል ይሆናል፤ አንተን ቀብሬ ግን አልችልም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እጇን ግን አልለቀቀም፤ እሷም ብዙ ሰዓት ሳትነሳ ቆየች።

ንቅለ ተከላው በእሷ መቅኔ ሕንድ አገር ተደረገ። እሷ በወሩ ተመለሰች፣ እሱ ለክትትል ቀረ። አያ ካሴ እንዳሉትም አገሬው ጠየቀ፤ ቄሱም አያ ካሴን ጠርተው ዓይናቸው እንባ እያቀረረ ደግመው ቆጠሩ። ቀለበቱ በሽማግሌ እጅ ተመለሰ።

በስምንተኛው ወር ይታገሱ ፀጉሩ አቆጥቁጦ፣ ጉንጩ ሞልቶ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወረደ። እልልታው ቀለጠ። እናቱ ተናኜን ከሰው መሀል ጎትተው አመጡና ወደ ልጃቸው ገፋ አደረጓት።

«በል፣ ነፍስህን ያተረፈችውን እህትህን ሳማት።»

ሰው ሁሉ እያየ፣ ጉንጯን ሦስት ጊዜ ሳማት።

«እንኳን ለቤትህ አበቃህ፣ ወንድሜ» አለችው።