ከበረዶ በፊት

ባቱ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ የአንዲትን ልጅ ያረጀ ነጠላ ጫማ ከጠየቀ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሽማግሌ የሚላከው ለወጉ ያህል ነው፤ ሰፈሩ ቀድሞ ያውቃል። የመረብ መንሳፈፊያ የሚቆረጠው ካረጀ ነጠላ ጫማ ነውና፣ አጥማጅም ከእናቱ፣ ከእህቱና ከሚስቱ በቀር የሌላ ሰው እግር የረገጠውን መረቡ ላይ አያስርም።

ራህመቶ የዙለይካን ሰማያዊ ጫማ የጠየቀው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር።

ትውውቃቸው በጭቅጭቅ ነው የጀመረው። ዙለይካ የአጥማጆቹ ማኅበር ዓሣ ለኪ ናት። የዓሣውን አፍ ከመለኪያ ሰሌዳው ራስ ታስደግፍና ጅራቱ ቀዩን መስመር መንካት አለመንካቱን ታያለች። ያልነካ አይሸጥም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሳይራባ እየተያዘ ሐይቁ ባዶውን ሊቀር ሲል፣ አጥማጆቹ ራሳቸው ተማምለው ያወጡት ሕግ ነው። አንድ ሁለቱን ስህተት ነው ብለው ያልፉታል፤ ከዚያ ካለፈ ግን መረቡ ይነጠቅና እስከ መስቀል ድረስ ማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል።

«ይቺ አትሞላም» አለችው በመጀመሪያው ቀን።

«ትንሽ ብትጎትቻትስ?»

«ዓሣ ናት እንጂ ላስቲክ አይደለችም።»

«እኔን ብትለኪኝስ? እሞላለሁ?»

ቀና ብላ አየችው። ሸሚዙ እስከ ክርኑ ረጥቧል፤ ቅንድቡ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ ያበራል። «አንተማ ትተርፋለህ» አለችው። «ግማሹ አፍ ነው እንጂ።»

አጠገቧ ተቀምጠው የዓሣውን ሥጋ ከአጥንቱ እየለዩ ፊሌቶ የሚያወጡት ሴቶች ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ራህመቶ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ዳር የሚወጣ አጥማጅ ሆነ። አንድ ጠዋት የዙለይካ ጫማ ማሰሪያው ተበጥሶ ስታነክስ አየና «ልትጥይው አይደል? ለኔ ስጪኝ» አላት። የሴቶቹ ቢላዎች በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ዙለይካ የተበጠሰውን አወለቀች፤ ደህነኛውንም አወለቀች፤ ሁለቱን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ በባዶ እግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

የሁዳዴ ገበያ ካለፈ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተው ነበር። ሲሃም የመጣችው በዚያው ሁዳዴ ነው።

ሲሃም የአዳማ ነጋዴ ናት። ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው በዛና በበረዶ የተሞላ አይሱዙ ይዛ ሐይቁ ዳር ቆመች። ከዚያ በፊት ባቱ ላይ ዓሣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ነበር የሚጫነው፤ አጥማጆቹ በረዶን የሚያውቁት ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ነው። አሁን ሁሉም የመኪናዋን በር ከቦ መዳፉን እያቀዘቀዘ ይስቃል። ሲሃምም ትስቃለች። አሳሳቋ ደስ ይላል፤ ዙለይካን ያናደዳትም ይኸው ነው።

የዙለይካ ዓይን መለካት የለመደ ነው። ራህመቶ ወደ መኪናው ከመሄዱ በፊት ፊቱን ሲታጠብ አየች። አረንጓዴውን ሸሚዝ ሲደጋግም አየች። ሲሃም ሌሎቹን «አንተ» ስትል እሱን በስሙ እንደምትጠራው ሰማች። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም አልነበረም። ማታ ማታ እየደራረበች ስታየው ግን ግድግዳ ያህል ሆነባት።

አንድ ቀን ሲሃም «አዳማ ሱቅ ልከፍት ነው፤ አንተን የመሰለ ታማኝ ሰው ነው የምፈልገው» ስትለው በጆሮዋ ሰማች። እሱም «ላስብበት» አለ።

ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም። እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ እስኪፈለፈል ምግብ እንደማትቀምሰው ሁሉ፣ ዙለይካም ጥያቄዋን በአፏ ይዛ ከሳች።

«ምን ነካሽ?» አለቻት አደ ፋዲላ፣ ከፊሌቶ ሴቶቹ ታላቋ። «ሰው መስለሽ አልታየሽኝም።»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል በሽታ በዚህ ዕድሜ አንድ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱም አፍ ከፍቶ መጠየቅ ነው።»

አልሰማቻትም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሰሌዳዋ መሄዱን ትታ በመንገዱ በኩል ዞረች፤ ሊደርቁ ከተሰቀሉት መረቦች ጀርባ፣ አይሱዙው አጠገብ ቆመች። መጀመሪያ ወደ ማን እንደሚሄድ በዓይኔ ልይ ብላ ነው።

ጀልባው ዳር ደረሰ። ራህመቶ ቅርጫቱን ተሸክሞ ወደ ልኬቱ ቦታ ሲሄድ ከሩቅ አየችው። ቆየ። ልቧ ቀለል አለላት። ልትወጣ እግሯን ስታነሳ ግን ቅርጫቱን እንደያዘ ወደ መኪናው ሲመጣ አየችው። ሲሃም በሩን ከፈተችለት፤ ዓሣውን በረዶው ውስጥ ደፋው። ከዚያ ተደግፈው አወሩ። ብዙ አወሩ። ሲሃም አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ እንደ ምንም ሳቅ ብላ ክንዱን መታ መታ አደረገችው።

ዙለይካ ካለችበት መንቀሳቀስ አቃታት። ፀሐይዋ ወጥታ ከፍ አለች፤ የመረቡ ጥላ ፊቷ ላይ እየሸሸ ሄደ። እግሯ ሲታዘዝላት በጀርባ ዞራ፣ ገና ከቤት እንደመጣ ሰው ሆና ሰሌዳዋ ዘንድ ቆመች።

«ዛሬ ጠፋሽብን» አለ ራህመቶ ዓሣውን አምጥቶ። ፊቱ ፈክቷል። «የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

«መጀመሪያ ዓሣው» አለች።

የመጀመሪያውን ቆሮሶ አነሳች። ቀዝቃዛ ነው። የሌላ ሴት እጅ የነካት ያህል ዘገነናት። አፉን አስደገፈች፤ ጅራቱን ዘረጋች። የስንዴ ቅንጣት ታህል ጎደለ።

«አይሞላም።»

ሁለተኛው ሞላ። ሦስተኛው አልሞላም። አራተኛውም።

ምክንያቱን ታውቃለች። ልኬት ያስተማራት የዓሣ ሀብት ባለሙያው አቶ ሰብስቤ ነው፤ «ዓሣ በረዶ ውስጥ ሲቆይ ይኮማተራል፤ ሁልጊዜ ከበረዶ በፊት ለኪ» ብሏት ነበር። ያኔ በረዶ ስላልነበረ ለሌላ ለማንም አልተነገረም። ሐይቁ ዳር ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

«ዙሌ» አለ ራህመቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እነዚህን ጀልባ ላይ ለክቻቸዋለሁ እኮ። መቅዘፊያዬ ላይ የሰሌዳሽን ልክ አስምሬያለሁ።»

«የሚለካው ሰሌዳው ነው።»

አያት። ከዚያ ዓሣዎቹን አየ። «እንግዲያው መስመሬን አሳስቼ ይሆናላ» አለ። «አንቺማ አትሳሳቺም።»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብትናገር ሁሉም ነገር ይቀር ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። የሲሃም እጅ ክንዱን መታ መታ ሲያደርግ ታያትና ዋጠችው። የማኅበሩን ሊቀ መንበር ኦቦ ጫምሳን ጠራች።

መረቡ ያን ዕለት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ሰማያዊ መንሳፈፊያዎቹ በመስኮት በኩል ለመንገደኛ ሁሉ ይታያሉ። የማን ጫማ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ዙለይካ በዚያ ባለፈች ቁጥር የገዛ እግሯ የተሰቀለ ይመስላት ጀመር። ራህመቶ ሽንኩርት ሊጭን መቂ ወረደ። መረብ የሌለው አጥማጅ ሽማግሌ አይልክም፤ እሱም አልላከ።

አንድ ቀን ሲሃም ራሷ ወደ ሰሌዳው መጣች።

«ሰላም ነው? ራህመቶን ምን አድርገሽው ነው መቂ የሄደው?»

«አንቺ አታውቂም? ሱቅሽ ውስጥ ያለ መስሎኝ።»

ሲሃም ለአፍታ አየቻትና እርጥቡ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። «እሺ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ወድጄው ነበር። ሱቁን ያልኩትም ግማሹ ለሥራ፣ ግማሹ ለልቤ ነው። ያን ቀን ጠዋት መልሱን ሰጠኝ። ‹ዙለይካ ሐይቁን ትታ አትሄድም፤ እሷ ካልሄደች እኔ አዳማ ምን እሠራለሁ?› አለኝ። አፈርኩ። ሳቅኩና ‹በርታ› አልኩት።»

«ዓሣውንስ? ከኔ በፊት በረዶ ላይ ለምን ደፋው?»

«አንቺ የለሽማ! ቢጠብቅ ቢጠብቅ ጠፋሽ፤ ፀሐዩ ሊያበላሽበት ሆነ። ‹እስክትመጣ ትንሽ በረዶ አበድሪኝ› አለኝ።» ሲሃም ተነሳች። «በኔ ብትቀኚ አልፈርድብሽም። እኔም በአንቺ ቀንቻለሁ።»

ዙለይካ ሰሌዳውን ይዛ ቀረች። በዚያ ጠዋት እሷ ቦታዋ ላይ ብትገኝ ኖሮ ዓሣው በረዶ አይነካም ነበር። መረቦቹ ጀርባ ቆማ ስትጠብቀው የነበረውን ነገር ራሷ ነበረች ያመጣችው።

ማኅበሩ ግራሩ ሥር በተሰበሰበ ዕለት፣ ገና በማለዳ፣ ሐይቁ ያፈራውን ትኩስ ቆሮሶ ይዛ ኦቦ ጫምሳ ፊት ቆመች። ራህመቶም ከመቂ ተጠርቶ መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል።

«ኦቦ፣ ይህን ይዩልኝ» ብላ ለካች። ጅራቱ ቀዩን መስመር ነካ። ሽማግሌው አጎንብሰው አረጋገጡ። ዓሣውን ከሲሃም በረዶ ውስጥ ከተተችው። ስብሰባው ስለ ጀልባ፣ ስለ ሸምበቆ፣ ስለ አምባዛ ዋጋ ቀጠለ። ከዙህር ሶላት መልስ አውጥታ እንደገና ለካችው። በጅራቱና በመስመሩ መካከል የስንዴ ቅንጣት የምታህል ባዶ እንጨት ታየች።

ሰዉ እየተጋፋ አየ። ከኋላ አንድ ሰው ብቻ ካለበት አልተነሳም።

«ይህን ታውቂ ነበር?» አሉ ኦቦ ጫምሳ።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ጠዋት የት ነበርሽ? ለኪ ቦታዋ ላይ ብትገኝ ዓሣው ምን በረዶ አገባው?»

«መኪናው ጋ ነበርኩ። ከመረቡ ጀርባ ተደብቄ … እሱ ወደ ማን እንደሚሄድ ሳይ።»

ዳር የቆመ የአንድ አባ ኮዳ ወፍ ምንቃር ቋ ሲል እንኳ ተሰማ። ከዚያ አደ ፋዲላ «ወላሂ፣ እኔም በዕድሜዬ ዛፍ ላይ ወጥቼ አይቻለሁ» ብላ ሳቀችና ሌላውም ተከተለ። ዙለይካ አልሳቀችም፤ ራህመቶም አልሳቀ።

መረቡ ተመለሰለት። ሰሌዳው ከእሷ ተወሰደ። ቦታዋን የተወች ለኪ ናትና ፍርዱ ትክክል ነው፤ ራሷም ብትሆን ሌላ አትፈርድም ነበር። ራህመቶ መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲያልፍ አጠገቧ ቆመ።

«ቅናቱን እችለዋለሁ» አላት። «ግን እኔ እኮ አንቺን አምኜ መቅዘፊያዬን ፋቅሁት። ትክክል የነበረውን መስመር በገዛ ቢላዬ ፋቅሁት።»

ሄደ።

ዙለይካ ከአደ ፋዲላ ጎን ተቀምጣ ፊሌቶ ታወጣ ጀመር። ጀልባው ሲመጣ አንገቷን ትደፋለች፤ ራህመቶ ለአዲሱ ለኪ ዓሣውን አስረክቦ ያልፋል። አንዳንዴ እርምጃው አጠገቧ ሲዘገይ ይሰማታል፤ ቀና ስትል ግን ጀርባውን ነው የምታየው። እንዲህ ሆኖ ሁዳዴ አለቀ፤ የሲሃም መኪናም ወደ አዳማ የመጨረሻ ጭነቱን ጫነ።

አንድ ጠዋት ከተደፋው አንገቷ ሥር የወንድ እግር መጥቶ ቆመ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጉልበቷ ላይ አረፈ። ፈታችው። ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ነው፤ አዲስ።

«ከመረቤ ላይ መንሳፈፊያ ጎድሏል» አለ ራህመቶ። «ቶሎ ረግጠሽ ጨርሺልኝ።»

አደ ፋዲላ ቢላዋን ቁጭ አደረገች።

ዙለይካ እንባዋ እንዳይታይባት ጫማውን አገላበጠችው። «ከየት ነው?»

«ከአዳማ።»

«ማን አመጣው?»

ራህመቶ ወደ ሐይቁ አየ፤ ከንፈሩ ሊስቅ ይታገላል። «ሲሃም።»

ያቺ የምታውቃት ቃጠሎ ደረቷ ላይ ብልጭ አለች። ይህኛውን ጊዜ ግን አልዋጠችውም። «እሷ የእግሬን ልክ በምን አወቀች?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ ለመጨረሻው ጭነት ከመምጣቷ በፊት። እዚህ ጭቃው ላይ የረገጥሽውን በሸምበቆ ለክቼ።»

እግሯን ከተተች። ተረከዟ በጥቂቱ ወደ ኋላ ተረፈ። አየችው፤ አየችና እንደ ጥንቷ ለኪ ቅንድቧን ሰብሰብ አደረገች።

«ስትለካው ጭቃው እርጥብ ነበር ወይስ ደርቆ?»

«ደርቆ ነበር፤ ምነው?»

«ጭቃም ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አንተ ሰው!»

ራህመቶ ጫማውንም ተረከዟንም አየ። «አይሞላም ማለት ነው?» አለ። ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ፍርሃት ነበር። «ትመልሽዋለሽ?»

ዙለይካ ሁለተኛውን እግሯንም ከተተች። ተነሳች። ተረከዟ ጭቃውን እየነካ እስከ ጀልባው ድረስ ሄደች፤ መቅዘፊያውን አንስታ አገላበጠችው። የተፋቀው ቦታ ነጥቶ ይታያል።

«ቢላህን ስጠኝ፤ መስመሩን ልመልስልህ» አለችው። «ልክ ቀዩን መስመር የሚነካ አንድ ትኩስ ዓሣም አቀብለኝ። በረዶ ያልነካው።»