አባባ ሲያዛጉ

ሰውዳ የገንፎውን ጉርሻ ወደ አባቷ አፍ ስታስጠጋ አባቷ አዛጉ። ያኔ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ በድን ሆኖ የከረመው ቀኝ እጃቸው ከፍራሹ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ክርኑ ታጠፈ፣ ጣቶቹ ተዘረጉ፣ እስከ ደረታቸው ወጣ። አፋቸው ሲዘጋ ዱብ ብሎ ወደቀ።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት ያነሱት?»

አቶ ኢድሪስ እጃቸውን እንደ ባዕድ ሰው እጅ አዩት። «እኔ... አይደለሁም» አሉ በተሳሰረ አንደበት።

ጊዜው እኩለ ቀን ነው፤ የጋምቤላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ያነደዋል። ሰውዳን ግን ብርድ ብርድ አላት።

«ጂን ነው!» አለች አክስቷ ዘሃራ። ለዘሃራ ድመት ብታስነጥስም ጂን ነው፤ ዛሬ ግን ወደ በሩ አፈገፈገች። «ሳያንቃቸው እንሰረው!» ብላ ሲባጎ ልታመጣ ከቤቱ ጋር ወደተያያዘው ሱቃቸው ገባች።

ሰውዳ ወደ ክሊኒኩ ሮጠች። ድሬሰሩ ኦጆት ሰምቷት አልሳቀም።

«ጂን አይደለም። በሽታው ጭንቅላት ውስጥ ነው። አንዳንድ ሰው ሲያዛጋ እጁ ብቻውን ይነሳል። እኔም መጀመሪያ ሳይ ፈራሁ። ጣቱ ይነቃነቃል?»

«አውራ ጣቱ፣ ትንሽ።»

«ጥሩ። ማን ነው የሚያበላው?»

«እኔ!» አለች ኮራ ብላ። አባቷ በግራ እጅ አልበላም ስላሉ የምታጎርሳቸው እሷ ናት፤ ሰፈሩም መርቋታል።

«እሱ ነው ጥፋቱ» አለ ኦጆት። «እጁ ሥራ ፈታ። ክርኑን ደግፊ፣ ራሱ ይሞክር። አታጉርሺ። ብዙ ከቆየ እጁ መሥራት ይረሳል።»

ሰውዳ አፈረች፤ ተናደደችም።

ቤት ስትደርስ ቀኝ እጃቸው ከአልጋው ጋር ታስሯል። ወዲያው አባቷ አዛጉ። እጁ ሲባጎውን ወጥሮ ሳበ፣ አልጋው ሲጢጥ አለ፣ ዘሃራ ፊቷን ሸፈነች። ሰውዳም ነገሩን እያወቀች ፈራች።

ፈርታም ቋጠሮውን ፈታችው። ሳህኑን በቀኛቸው አስቀመጠች።

«አጉርሻቸው እንጂ!» አለች ዘሃራ። «አባቷን አስራበች ይበሉሽ?»

«ይበሉኝ።»

«ልጄ... ራበኝ» አሉ አባቷ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

በግራዋ ክርናቸውን ደገፈች። የምታጎርስበትን ቀኝ እጇን ከጭኗ ሥር ከትታ ተቀመጠችበት።