በር የተከፈተላቸው ድርጭቶች

ዶሮዎች ሲመሽ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ማን ጠርቷቸው ነው?

ይህን ጥያቄ ከትንሽነቷ ጀምሮ ይዛው የኖረች አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከእናቷ ጋር ከዳቦ መጋገሪያው ጀርባ፣ ትንሽ ግቢ ባለው ቤት ትኖር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ለምንዬ» እያለ ነው የሚጠራት። አፏን ከፈታች ጀምሮ «ለምን?» ማለት አላቆመችማ!

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስታስገባ ለምንዬ አጠገቧ ቁጭ ትልና ትጀምራለች።

«እማዬ፣ ዶሮዎቹን ማን ነው የሚጠራቸው?»

«ማንም አይጠራቸውም። ቤታቸውን ያውቁታል።»

«ለምን ያውቁታል?»

«አንቺ ልጅ፣ ጣቴን ልታስወጊኝ ነው! ሂጂ ተጫወቺ።»

እውነትም ዶሮዎቹ ቀኑን ሙሉ መሬቱን ሲጭሩ ይውሉና፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ በአንድ ገብተው ቆጣቸው ላይ ይወጣሉ። የለምንዬ ሥራ በሩን መዝጋት ብቻ ነው።

የእናቷ ታናሽ እህት ደግሞ ነርስ ናት። የምትኖረው ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ግቢ የላትም። ስለዚህ በረንዳዋ ላይ፣ ፊቱ ወንፊት ሽቦ በሆነ ሳጥን ውስጥ ድርጭቶች ታረባለች።

«ለምን ዶሮ አታረቢም?» አለቻት አንድ ቀን ለምንዬ።

«ዶሮ የት ትጫርልኝ፣ ሲሚንቶ ላይ? አውራው ደግሞ ገና ሳይነጋ ጎረቤቱን ሁሉ ቀስቅሶ ከነሻንጣዬ ያስባርረኛል። ድርጭት ቦታ አትፈጅም፣ ትንሽ ትበላለች፣ ድምጿም አይረብሽም። እንቁላል መጣልም ከዶሮ ቀድማ ትጀምራለች።»

እንቁላላቸውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትንሽ ነው። ላዩ ላይ አንድ ሰው ቡናማ ቀለም የረጨበት ይመስላል።

ታዲያ አክስቷ ለሥራ ራቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተላከች። ሳጥኑንም ተሸክማ መጣችና ግቢው ውስጥ፣ ከዶሮዎቹ ቤት አጠገብ አስቀመጠችው።

«አደራ ሰጥቼሻለሁ» አለች ለምንዬን። «ጠዋት ጠዋት እንቁላሉን ሰብስበሽ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪ። እነዚህ ድርጭቶች እንደ ዶሮ አይታቀፉም፤ ጥለውት ነው የሚሄዱት። መኖውን በዚህች ትንሽ መስኮት አስገቢላቸው። ትልቁን በር ግን እንዳትከፍቺ። ድርጭት ዶሮ አይደለችም።»

የሚገርመው፣ ልጆች፣ ያን ቀን ለምንዬ «ለምን?» አላለችም። «እሺ አክስቴ» ብቻ አለች።

መጀመሪያ ላይ አደራዋን በሚገባ ጠበቀች። ከዚያ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ልትጫወት መጣች። ሳጥኑን ዞር ዞር ብላ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ዶሮዎቻችሁ እንደ ልባቸው ይሄዳሉ፤ እነዚህ ግን ታስረዋል። ምን አጠፉ?»

«ምንም። አክስቴ ናት እንዲህ ያለችው።»

«እንግዲያው አንቺ የእስር ቤት ዘበኛ ነሽ!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ዘበኛ! ቃሉ ለምንዬን ከነከናት። ድርጭቶቹን አየቻቸው። አንዷ ምንቃሯን በሽቦው መሐል አሾልካ ውጭውን ታያለች። አንጀቷን በላቻት። «ትንሽ ቢንሸራሸሩ ምን አለበት? ሲመሽ እንደ ዶሮዎቹ ይመለሳሉ» ብላ አሰበች።

መቀርቀሪያውን ሳብ አድርጋ በሩን ከፈተችው።

ድርጭቶቹ ቀስ ብለው ወጡ። ለምንዬም ደስ ብሏት እጇን አጨበጨበች። ይኼኔ ደነገጡ። ፍርርር! ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ ላይ ተነሡ። ከአጥሩ በላይ አለፉ፤ ከዳቦ መጋገሪያው ጣሪያም አለፉ። ግቢው ጭር አለ።

«ይመለሳሉ» አለች ለምንዬ ለራሷ። የሳጥኑን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ገብተው ቆጣቸው ላይ ወጡ። ሳጥኑ ግን ባዶውን ቀረ።

እናቷ ልብስ ልታነሣ ስትወጣ ሳጥኑን አየችው። «ድርጭቶቹስ?»

ለምንዬ ዙሪያዋን ቃኘች። ልክ በዚያ ሰዓት የጎረቤታቸው የእማማ ድመት አጥሩ ላይ ተቀምጣ መዳፏን ትልስ ነበር።

«ድመቷ... በላቻቸው» አለች።

አያችሁ? ውሸት ስትወጣ እንዲህ ትንሽ ናት። ከዚያ በኋላ ግን ማን ያቆማታል?

እማማ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። «ሻሼ» ከምትባለው ድመታቸው በቀር ቤታቸው ውስጥ የሚያነጋግሩት የለም። እናቷ ሄዳ ስትነግራቸው ለምንዬ በአጥሩ ቀዳዳ ታዳምጥ ነበር።

«ሻሼ? አይጥ ስታይ እንኳ እኔ ጀርባ ነው የምትደበቀው» አሉ እማማ።

«እኔም ገርሞኛል እማማ። ግን ልጅቷ በዓይኔ አየሁ አለች።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም፣ «እሷ ካለች እውነት ነው። ልጅ ምን ብላ ትዋሻለች? ነገ ሹፌሩ የእህቴ ልጅ ይመጣል፤ ራቅ አድርጎ ይውሰዳት። የሰው ንብረት አስበልቼማ አልቀመጥም» አሉ።

ለምንዬ ያን ዕለት እራት አልበላ አላት። ስትጸልይም «አምላኬ ሆይ» ካለች በኋላ ቃል ጠፋባት።

በማግሥቱ እናቷ ባዶ ካርቶን ሰጠቻት። «ለእማማ አድርሺላቸው። ድመቷን የሚከቱበት አጥተዋል።»

ካርቶኑ ባዶ ነው፤ ለለምንዬ ግን ድንጋይ የሞላ ያህል ከበዳት። እማማ ተቀብለው ከአንገታቸው ላይ ሻርፓቸውን ፈቱና ካርቶኑ ውስጥ አነጠፉት።

«በመንገድ እንዳይበርዳት» አሉ። «ነይ የኔ ልጅ፣ ክዳኑን ያዥልኝ፤ እኔ በገመድ ልሰር። እጄ ይንቀጠቀጥብኛል።»

ሻሼ ካርቶኑ ውስጥ ገብታ ተኛች። ጨዋታ መስሏታል። የለምንዬንም ጣት በሻካራ ምላሷ ላሰቻት። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሹፌሩ መጥቷል።

ለምንዬ ክዳኑን ለቀቀችው።

«እማማ፣ አይስጧት! ሻሼ ምንም አላደረገችም። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በረው ሄዱ። ዋሸሁ!» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እማማ ገመዱን ጣሉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ድመቷን አወጧትና ደረታቸው ላይ ለጠፏት።

«ሰማሽ ሻሼ? ስምሽ ጸዳ» አሉ። ቀጥለውም ለምንዬን አዩአት። «አስከፍተሽኛል፤ አልዋሽሽም። ግን ሳትሄድብኝ ደርሰሽልኛል። እናትሽስ? አክስትሽስ?»

«ለእነሱም እነግራቸዋለሁ» አለች ለምንዬ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

ለእናቷ ወዲያው ነገረቻት። እናቷ በጣም አዘነች፤ እጇን ይዛም ተመልሳ እማማን ይቅርታ ጠየቀች። አክስቷ የምትመጣ ቀን ደግሞ ለምንዬ ማንም ሳይልካት በር ላይ ወጥታ ጠበቀቻት። አክስቷ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሁሉንም ነገረቻት።

አክስቷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ባዶውን ሳጥን አየችው።

«አክስቴ፣ ለምን አልተመለሱም?»

«ይህንን ያን ቀን ብትጠይቂኝ ኖሮ!» አለች አክስቷ። «ዶሮ ማደሪያዋን ለምዳለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። ድርጭት ግን አንዴ ከበረረች መመለሻውን አታውቀውም። በሩን የምዘጋው ጠልቻቸው አይደለም።»

ለምንዬ አንገቷን ደፋች።

«አንቺ ግን መመለሻውን አግኝተሽዋል» አለች አክስቷ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። «ይቅር ብዬሻለሁ። እግዚአብሔርም ተመልሶ ለመጣ ልጅ በሩን አይዘጋም።»

ይኼኔ ለምንዬ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሮጣ ገብታ ጠዋት ጠዋት የሰበሰበቻቸውን ዥንጉርጉር እንቁላሎች ከነቅርጫቱ አመጣች።

«ድርጭት አትታቀፍም ብለሽኛል። ዶሮስ? ትንሿ ዶሯችን ከጎጆዋ አልነሣም ብላለች። ብናስታቅፋትስ?»

አክስቷ ሳቀች። «እሷ ቀላል ስለሆነች አትሰብራቸውም። እስቲ እንሞክር።»

ለምንዬ ዶሮዋን ውኃና ጥሬ እያቀረበች ጠበቀቻት። ሁሉም አልተፈለፈሉም። የተፈለፈሉት ግን ከአውራ ጣት የማይበልጡ ጫጩቶች ነበሩ። ዶሮዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «እነዚህን ምን ነካቸው?» የምትል ይመስል አየቻቸው። ከዚያ ክንፏን ዘርግታ ሰበሰበቻቸው።

የዳቦ ጋጋሪው ልጅም ልታይ መጣች። «ሲያድጉ ትለቂያቸዋለሽ?»

«አልለቃቸውም» አለች ለምንዬ። «ሰፊ ሳጥን እንሠራላቸዋለን። ለምን እንደሆነ ደግሞ ነይ ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።»

ልጆች፣ ስታጠፉ ጥፋታችሁን በሌላ ላይ አትጫኑ፤ ሳይመሽ በእውነት መንገድ ተመለሱ።