የባህር ውስጥ ተራራና የአባዬ እግር

«ከሳሼ አንቺ ነሽ?» አለኝ የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ።

ክው አልኩ! ለካ መርከብ ላይ ሆኖ ካሜራውን ባህር ውስጥ የሚነዳው ሰውዬ እሱ ነው። እኔ ደግሞ መስኮት በሌላት ቢሮ ተቀምጬ፣ ባህር ስር ካለው ተራራ የሚልከውን ቪዲዮ እያየሁ ዓሣና ኮራል የምቆጥር ነኝ። ጉድ እኮ ነው፣ በዚያ ጨለማ ተራራው ላይ የሌለ ፍጥረት የለም! እሱ ግን ዓለት ላይ ተለጥፋ እንቁላሏን የምትጠብቅ አንዲት ኦክቶፐስ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቆማል። «ጊዜ ያባክናል» ብዬ ለአለቃዬ ጽፌ ነበር።

«መጀመሪያ ቀን ‹ምነው እሷ ጋ ትንሽ በቆየ› ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው!»

ረስቼዋለሁ! መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ከዚያማ... ወደድኩት። ግን ከሥራ በኋላ የራሴ አልነበርኩም። አባዬ ወድቆ እግሩ አልታዘዝ ካለው ሁለት ዓመቱ ነው። አነሳዋለሁ፣ አስተኛዋለሁ። ወንድሜን ባህር ከወሰደው ወዲህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«መርከቡ ላይ ቆጣሪ ይፈለጋል። አብረን እንሂድና እንጋባ» አለኝ።

«አባዬን ለማን ጥዬ?»

«ያቺ ኦክቶፐስ እንኳን አንድ ቀን ትገላገላለች...»

«እንቁላሉ ሲፈለፈል እኮ ትሞታለች!» አልኩት። «አትጠብቀኝ።»

ወደ መርከቡ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ራሴን አሞኝ በጊዜ ቤት ገባሁ። አባዬ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ሚስማር በአፉ ይዞ ጣሪያ ይመታል!

«አባዬ?!»

ሚስማሩ ረገፈ። ደህና አድርጎ ወረደ።

«ከዳንኩ ቆየሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ባህሩ አንቺንም እንዳይወስድብኝ ፈራሁ፣ ልጄ።»

ጮህኩበት። ዕድሜዬን መልስልኝ ብዬ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ።

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ከመርከቡ ጋር የምንገናኝበትን ሬዲዮ ከፈትኩ።

«አትጠብቀኝ ያልኩህን ተወው። ታገባኛለህ?»

መርከቡ ሙሉ በአንዴ ጮኸ! ለካ ድምፄ በየክፍሉ ይሰማል።

«በአራት ቀን ወደብ እንገባለን» አለኝ። «አገባሻለሁ!»

ሻንጣዬን አውቶብስ ድረስ የተሸከመው አባዬ ነው። መንገዱን ሁሉ አላናገርኩትም። አውቶብሱ ሲነሳ ግን እየተከተለ መሮጥ ጀመረ።

«ቀስ በል አባዬ... እግርህን!» አልኩ ሳላስበው።

ወደቡ ላይ ፍቅሬ እቅፍ ሲያደርገኝ ገና እያለቀስኩ ነበር።