የቀልማ ወሰን ምስክር

የቀልማ ወንዝ በጠራራ ቀትር መሄጃውን ጥሎ ሄደ። ዝናብ አልጣለም፤ ምድርም አልተንቀጠቀጠችም። ከጥንት ጀምሮ በሐርዳንና በሶሬም ግዛቶች መካከል ሲወርድ የኖረው ውኃ ድንገት ወደ ምሥራቅ ታጠፈ። ሽማግሌዎች ዓሣዎቹ በደረቀው አሸዋ ላይ ሲንፈራገጡ አይተው፣ «ወንዝ ቤቱን የለቀቀበት አገር ሰውም ቤቱን ይለቃል» አሉ።

የሶሬም የነበረው የዋሪም ሜዳ በሐርዳን በኩል ቀረ። ሐርዳኖች «ወሰናችን ወንዙ ነው፤ ወንዙ የተሻገረው የእኛ ነው» አሉ። ሶሬሞች «ውኃው ሄደ እንጂ መሬቱ መች ተነሣ?» ብለው ጦር መዘዙ። በመጀመሪያው ግጥሚያ የናሬት ታናሽ ወንድም ዘምራን ወደቀ።

ናሬት በሐርዳን በኩል፣ በደረቀው ወንዝ ዳር ያለችው የድርማ መንደር ልጅ ናት። ወንድሟን ስትቀብር እንባ አልወጣትም። ጨካኝ አሏት። ጨካኝ ግን አልነበረችም፤ ልቧ እንደ ደነዘዘ እግር ሆኖባት ነበር። እንዳለ ታውቃለች፣ አይሰማትም።

ሰባቱን ግዛቶች ከሚገዛው ከዝማር ዙፋን መልእክተኛ መጣ። «ሁለት ልጆች በአንድ ቁራሽ ሲጣሉ ቁራሹን አባት ይወስዳል። እስከ አዝመራ ካልተስማማችሁ ዋሪም የዙፋኑ ርስት ይሆናል፤ ጦሩም ይሰፍርበታል።»

የሐርዳኑ ገዥ ኤርማድ ተነሣ። «አባቶቻችን ለዙፋኑ ግብራቸውንና ጦራቸውን ማሉለት፤ ወሰናቸውን ግን አልማሉለትም! ወሰን የባለወሰኖቹ ነው። ዛሬ ዋሪምን የወሰደ እጅ ነገ የማንን ደጅ ይተዋል?»

የሶሬሟ ገዥ ታሶር ጠላቷ ቢሆንም «እውነት ተናገረ» አለች። ሁለቱ ግዛቶች በወሰናቸው ሲማማሉ ምስክር የተደረገው ፍጡር ኦድማር ገና በሻንቆር ተራራ ይኖር ነበር። የእርሱን ቃል ዙፋኑም አይሽረውም። ሕጉ በጠቡ ደም የፈሰሰባቸው ሁለት ሰዎች ከሁለቱ ወገን ሄደው እንዲሰሙት ያዛል። ከሐርዳን ናሬት ተመረጠች፤ ከሶሬም ልጁን ያጣው ጋልሞ። ሁለቱም «የሰማሁትን ብለውጥ ምድር ሬሳዬን አትቀበለው» ብለው ማሉ።

በሻንቆር ጥግ የጭጋግ ጅቦች አሉ፤ በሞተ ሰው ድምፅ ይጣራሉ፣ የዞረላቸውንም ይበላሉ። ጋልሞ የልጁን ድምፅ ሲሰማ ሊዞር ከጀለ። ናሬት መቀነቷን አስይዛ ጎተተችው። እሷንም «ናሬት፣ ውኃ ስጪኝ» ይላት ነበር ዘምራን። አልዞረችም።

ጭጋጉን ሲያልፉ ጋልሞ ፊቱን እየጠረገ፣ «ላንቺ አልተጣራም?» አላት።

«ተጣርቷል፣ አያ ጋልሞ።»

ጋልሞ መቀነቷን ሳይለቅ ከኋላዋ ተራመደ።

ኦድማር ጀርባው አለት፣ ዐይኑ የጠራ ምንጭ ነበር። «አርጅቻለሁ» አላቸው፤ «ምስክር ደግሞ ያለ ምትክ አይሞትም። አንዳችሁ ቀርቶ አለቴን ይልበስ፣ አንዳችሁ ቃሌን ይዞ ይውረድ። ወሰናቸው ወንዙ አልነበረም። የሐውዛ ሸንተረር ነው። ከሸንተረሩ በታች ያለው ሁሉ የሶሬም ነው።»

ሸንተረሩ ከድርማ በስተጀርባ፣ በሐርዳን ውስጥ ነው። መንደሯም፣ የዘምራን መቃብርም ለሶሬም ሆኑ ማለት ነው።

«እርስዎ ይውረዱ» አለች ናሬት። «ቃሉ የወገንዎ ነው። እኔ ልቅር።»

«ሶሬም ለሶሬም መሰከረ ቢባል ማን ያምናል? ካንቺ አፍ ሲወጣ ግን ይታመናል።»

«ብዋሽስ?»

ጋልሞ ትክ ብሎ አያት። «ብትዋሺማ እዚህ ቁጭ ብዬ አውቃለሁ። ምን አደርግሻለሁ?» አለና በምንጩ ዳር ተቀመጠ። አለቱ ከእግሩ ጀምሮ ሲለብሰው፣ «ለሚስቴ ለሱልማ ንገሪያት» አላት፤ «ጥቁሩን በሬ ለወንድሟ እንዳትሰጠው። ይደበድበዋል።» ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ናሬት ስትመለስ አዝመራው ተቃርቦ የዙፋኑ ድንኳኖች ዋሪምን ሞልተውታል። በወሰን መሐላ ሕግ እርጥብ ቁርበት በራሷ ላይ ደፍታ፣ ሕዝቡ እያየ ሸንተረሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችው።

«የምረግጠው ሁሉ ወሰን ነው! ከዚህ በታች የሶሬም ነው!»

«የወንድምሽን አጥንት ሸጥሽው!» ብላ አንዲት የመንደሯ ሴት ጮኸች። ናሬት ሰማቻት፤ እግሯ ግን አልቆመም።

ኤርማድ ፊቱ እንደ አመድ ነጣ። ከዚያም ወደ መልእክተኛው ዞረ። «በወገኑ ላይ የመሰከረ አይዋሽም። ሐርዳን ተቀብሏል። እንግዲህ ጦራችሁን አንሡልን።»

ድንኳኖቹ ተነቀሉ። የሁለቱ ግዛቶች ሰዎች ጦራቸውን ወደ መሬት ደፉ፤ የሶሬም ሴቶች እልል አሉ። ሱልማ ግን የበሬውን ነገር ስትሰማ ሳቀች፣ ሳቋም ሳያልቅ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ናሬት አጠገቧ ተቀመጠች።

በሶሬም ሥር ማደር ያልፈለገ ሁሉ ቤቱን አፍርሶ ሸንተረሩን ወደ ሐርዳን እንዲሻገር ተፈቀደ። የናሬት አባት ከምስክርነቷ ወዲህ አላናገራትም። ክዳኑን ብቻውን አወረደ፣ ግድግዳውን ነቀለ። ምሰሶውን ግን ሊሸከም ቢታገል አቃተው። ጎረቤት አልረዳውም፤ የእሷ አባት ነውና።

«ያዢው እንጂ» አላት፣ ሳያያት።

ጫፉን ያዘች። ምሰሶውን ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ አባቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነው?»

«አዎ፣ አባባ። እዚህ ጋ ነው።»

እግሩ ሥር ያለውን ሣር ጥቂት ተመለከተና ተሻገረ። እሷም ተከተለችው።